ጽዳቱ አምስት ኮከብ፣ ውሉ ሁለት

ነጥቤን አስቀድሜ ልስጥ። ለጽዳቱ አምስት ከአምስት፣ ለውሉ ሁለት።

ስለ ጽዳቱ ብዙ የምለው የለኝም። የቤት ጽዳት ሠራተኛ የሚያገናኘው ድርጅት ከውል በፊት አንድ የሙከራ ጽዳት ይሰጣል። የምድጃው ጀርባ ሳይቀር ተፈትጓል። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ በሴራሚኩ መጋጠሚያ ላይ ተጋግሮ የነበረው ጥቁረት ለቋል። ሠራተኛዋ ሰዓት አክባሪ ናት፣ እጇም ፈጣን ነው። የኔ ጣጣ ከላካት ድርጅት ጋር ነው። ስሙን አልጠራም፤ እንዲህ ዓይነት ውል የሚያስፈርመው እሱ ብቻ አይደለምና።

ማስታወቂያቸው «የተረጋገጡ ሠራተኞች» ይላል። ምናቸው ነው የተረጋገጠው? ስልክ ደወልኩና የሥራ ፈቃዷን፣ ማለትም የውጭ አገር ሰው ተቀጥሮ ለመሥራት የሚያስፈልገውን ወረቀት፣ አይተው እንደሆነ ጠየቅሁ። «ኧረ ችግር የለም፣ ሁሉም የምናውቃቸው ልጆች ናቸው» አለኝ ያነሳው ሰውዬ። ጥያቄዬን ደገምኩለት። «እርስዎ አይጨነቁ፣ ቤትዎ ድረስ መጥቶ የሚፈትሽ የለም» አለ።

እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለው። እንዲህ ዓይነት ነገር የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ በፍተሻ አይደለም። ሠራተኛዋ ከመሰላል ትወድቃለች፤ ኢንሹራንሱ ማን ቀጠራት፣ በምን ውል ብሎ ይጠይቃል። ወይ በደመወዝ ትጣላላችሁ። ወይ ደግሞ እንደ ባለሥልጣኖቹ ሹመት ይመጣና ጋዜጠኛ ጓዳ ድረስ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1993 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ዞዪ ቤርድ በቢል ክሊንተን ለአሜሪካ ዋና ዐቃቤ ሕግነት ታጭተው ነበር። ፈቃድ የሌላቸው ሞግዚትና ሹፌር መቅጠራቸው፣ የማኅበራዊ ዋስትና ግብርም አለመክፈላቸው ሲታወቅ ከዕጩነት ወጡ። በ2009 ደግሞ የእንግሊዝና ዌልስ ዋና ዐቃቤ ሕግ ባሮነስ ስኮትላንድ የቤት ሠራተኛቸው ፈቃድ ስላልነበራት 5,000 ፓውንድ ተቀጡ። ወረቀቷን አይቻለሁ ብለዋል። ኮፒውን ግን አላስቀመጡም። ያስቀጣቸው ሕግ በፓርላማ ሲያልፍ እሳቸው ራሳቸው በሚኒስትርነት ደክመውበታል!

በጣም የሚገርመኝ ግን ማርክ ሃርፐር ነው። የብሪታንያ የኢሚግሬሽን ሚኒስትር ነበር። የጽዳት ሠራተኛውን በ2007 ሲቀጥር ወረቀቷን ጠይቆ ኮፒ አድርጓል። በ2014 ሰነዶቹ እንደገና ሲጣሩ በአገሪቱ የመኖርና የመሥራት ፈቃድ እንደሌላት ታወቀ። ሕግ ጥሷል የሚል ባይኖርም ሥራውን ለቀቀ።

ወደ ውሉ ልመለስ። ሦስተኛው ገጽ ግርጌ ላይ፣ ዓይን በሚያደክም ደቃቅ ፊደል፣ «ድርጅቱ አገናኝ እንጂ አሠሪ አይደለም» ይላል። ኮሚሽኑ የእነሱ፣ ቅጣቱ የኔ መሆኑ ነው። ውሉ ይህን ባይልም እንኳ ብዙ አገር ያሉ ፍርድ ቤቶች የወረቀቱን ርዕስ ብቻ አያዩም። ሰዓቱን ማን ይወስናል? ሥራውን ማን ያዛል? ገንዘቡን ማን ይከፍላል? በዚህ ውል መሠረት ሦስቱንም የማደርገው እኔ ነኝ።

ከዚያ በታች ያለው መስመር ይብሳል። «ለደኅንነት ሲባል የሠራተኛዋን ፓስፖርት አሠሪው ዘንድ ማስቀመጥ ይመከራል» ይላል። ሊጠብቁኝ አስበው ይሆናል፤ ምክሩ ግን ገደል ነው። በ2011 የጸደቀው የዓለም ሥራ ድርጅት 189ኛው ስምምነት የቤት ሠራተኞች የጉዞና የመታወቂያ ሰነዳቸውን በእጃቸው የመያዝ መብት እንዳላቸው በግልጽ ይናገራል። ያው ድርጅት ከዘረዘራቸው 11 የግዳጅ ሥራ ምልክቶች አንዱም ሰነድ መያዝ ነው። እንግዲህ የፈቃድ ጉድለት ብቻ የነበረውን ነገር ወደ ወንጀል ጥርጣሬ የምታሳድገው በገዛ መሳቢያህ ነው።

«ፈቃድ ከሌላት የት ሄዳ ትከሳለች» የሚሉም አሉ። ትከሳለች። የአውሮፓ ኅብረት የ2009 መመሪያ ፈቃድ የሌለው ሠራተኛም ያልተከፈለው ደመወዝ እንዲከፈለው ያስገድዳል። ማስረጃ ካልቀረበ ቢያንስ ሦስት ወር እንደሠራ ይቆጠርለታል። ያው መመሪያ ለመኖሪያ ቤቱ ሰው የቀጠረ ግለሰብ፣ ሠራተኛውን እስካልበዘበዘ ድረስ፣ አገሮች ቅጣቱን ሊያቀሉለት እንደሚችሉ ይፈቅዳል። ስለዚህ በሥርዓት መክፈልና ደረሰኝ መያዝ ከደግነትም በላይ ጥቅም አለው።

ሠራተኛዋን ራሷን በአክብሮት ጠየቅኋት። ማንንም ሰው እንደምጠይቀው ማለቴ ነው። በመልክና በአነጋገር እየመረጡ ወረቀት መጠየቅ በብሪታንያ ለምሳሌ በአድልዎ ሊያስከስስ ይችላል። ምንም ቅር ሳይላት ከቦርሳዋ በላስቲክ የተጠቀለለ ካርድ አወጣች። ጠርዙ ተልጧል፣ ፎቶዋ ግን ይለያል። የሚያበቃበት ቀን አላለፈም። ደስ አለኝ። ከዚያ ታች ያለውን መስመር አነበብኩ፤ የአሠሪ ስም ተጽፎበታል። የኔም አይደለም፣ የድርጅቱም አይደለም። ቀድሞ የሠራችበት ቤት ነው። ፈቃዱ ከአንድ አሠሪ ጋር የታሰረ ነው፤ ቤት ስትቀይር መታደስ ነበረበት። ድርጅቱ ይህንን እንደሚጨርስላት ነግሯት ከክፍያዋ ኮሚሽን ይቆርጣል። ይሄኛውም አያስኬድም። የኤጀንሲ ክፍያ ከቤት ሠራተኛ ደመወዝ ላይ እንዳይቀነስ አገሮች እርምጃ እንዲወስዱ የሚያዘው ያው 189ኛው ስምምነት ነው።

ሁለት ኮከብ ለምን ሰጠሃቸው የሚል ካለ፣ አንዷ በጽሑፍ ላቀረብኩት ቅሬታ በማግስቱ መልስ ስለሰጡ ነው። የፓስፖርቱን መስመር ሰርዘው አዲስ ውል ላኩ። ሌላዋ ኮሚሽኑን ከሷ ላይ መቁረጥ እንደሚያቆሙ ስለጻፉ ነው፤ ማቆማቸውን የምትነግረኝ ግን እሷ ናት። «አሠሪ አይደለም» የሚለው እስካሁን አልተነካም። እኔም አልፈረምኩም። ለሙከራው ቀን ሙሉውን ለራሷ ከፍዬ በደረሰኝ ተፈራርመናል። ፈቃዷ ላይ ስማቸውን አስገብተው፣ ውሉ ላይ አሠሪ ነን ብለው ከፈረሙ ኮከቡን ወደ አራት ከፍ አደርጋለሁ። አምስተኛዋን ለዚያ ስልክ አንሺ ስል አስቀራታለሁ።