ስራ ላይ ሆኖ የካውንስሊንግና ሳይኮቴራፒ ድህረ ምረቃ መማር፦ ያዋጣል ወይ?

ቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። አዎ ያዋጣል፣ የሚያዋጣው ግን በሱፐርቪዥኑ (ልምድ ያለው ባለሙያ የተማሪውን ስራ እየተከታተለ በሚያርምበት) እንጂ በሌክቸሩ አይደለም። ሌክቸሩን እኮ ማንበብ የሚወድ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጨርሰዋል፣ የሳይኮቴራፒ ሊቃውንቱ ፍሮይድ ምን አለ ቤክ ምን አለ ለማወቅ ከስራ ደክሞ መጥቶ ክፍል መግባት አያስፈልግም። ክፍል መግባት የሚያስፈልገው ከሰው ጋር ስትቀመጡ ምን እንደምታደርጉ የሚያውቅ ሰው ሰምቶ እንዲነግራችሁ ነው።

አብረውኝ የተማሩት ነርሶች፣ መምህራን፣ ሶሻል ወርከሮች፣ ኤችአር (የሰው ሀብት) የሚሰሩ ነበሩ፣ ሁሉም ሰው ሲረዱ የኖሩ ናቸው፣ እና ለነሱ ከባዱ አዲሱን መማር ሳይሆን የለመዱትን መተው ነበር። ነርሷ ማስረዳት ትጀምራለች፣ መምህሩ ያርማል፣ ኤችአሯ ገና ሰውየው ሳይጨርስ መፍትሄ ይዛ ትመጣለች። አሜሪካዊው ሳይኮሎጂስት ካርል ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1957 ከቴራፒስቱ የሚጠበቁ ብሎ የጻፋቸው 3 ነገሮች አሉ፣ ራስን ሆኖ መገኘት፣ ሰውየውን ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበል፣ ነገሩን በሱ አይን ለማየት መሞከር። ወረቀት ላይ ስታነቡት ማን ያቅተዋል ያስብላል፣ ሰው ፊታችሁ ዝም ሲል ግን የመጀመሪያው ደቂቃ ላይ ነው የሚጠፋው።

ስለዚህ ትምህርቱ ላይ ዋናው ነገር በ3 በ3 ሆኖ መለማመዱ ነው፣ አንዱ ካውንስለር አንዱ ክላየንት (ምክር ፈልጎ የሚመጣው ሰው) አንዱ ታዛቢ እየሆናችሁ ትቀያየራላችሁ፣ ክላየንት የሆነው ሰው ድራማ አይሰራም፣ ከራሱ ህይወት መጠነኛ የሆነ እውነተኛ ጉዳይ ነው የሚያመጣው። ከዛ ፕራክቲከም፣ ማለትም ከእውነተኛ ክላየንት ጋር የሚሰራው የተግባር ልምምድ፣ ሲጀመር ደግሞ ክላየንቱ ፈቅዶ የተቀዳ ድምጽ ይዞ መምጣት አለ። አንድ ቀን የተከፈተው ቅጂ ላይ ክላየንቷ "ማታ ማታ ነው የሚብስብኝ" ትላለች፣ ካውንስለሯ "አይዞሽ፣ ያልፋል፣ ስራስ እንዴት ነው?" ብላ አለፈች። ሱፐርቫይዘራችን እዛ ጋ አቆመውና "ማታ ምን እንዳለ ያወቀ ሰው አለ?" ብሎ ጠየቀ፣ ማንም አላወቀም። የዛን ቀን የቀረውን ሰአት በሙሉ በዛች ዓረፍተ ነገር ላይ ነው ያሳለፍነው፣ ለምን ቸኮልን፣ ማንን ነው ያረጋጋነው፣ እሷን ወይስ ራሳችንን። ይሄንን የትኛውም ስላይድ አያስተምራችሁም።

ሌላ በጣም የወደድኩት የአደጋ ምዘናው፣ ማለትም ክላየንቱ ራሱን ሊጎዳ ይችል እንደሆነ ጠይቆ ማወቁ ነው። ፒኤችኪው 9 የሚባለውን የድብርት መጠይቅ ብዙ ጤና ባለሙያ ያውቀዋል፣ 9 ጥያቄ ነው እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሞላና ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል፣ የመጨረሻው ጥያቄ ስለ ሞት ወይም ራስን ስለመጉዳት ሀሳብ ነው። ብዙ ሰው እሷን በጨዋ ቋንቋ ሸፍኖ ማለፍ ይፈልጋል፣ ከጠየቅኩት ሀሳቡን እሰጠዋለሁ ብሎ ይፈራል፣ ጥናቶች ግን በቀጥታ መጠየቅ ሀሳቡን እንደማይፈጥር ነው የሚያሳዩት። እኛ "ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?" የሚለውን ድምጻችን ሳይለወጥ እስክንጠይቅ ድረስ እየደጋገምን ተለማምደናል። ለዚህ ብቻም ቢሆን የከፈልኩት አይቆጨኝም።

የማልወደውን ልንገራችሁ። ብሮሹሩ ላይ "በዊኬንድና በማታ፣ ለሰራተኞች የሚመች" ይላል፣ እውነት ነው ሌክቸሩ እንደዛ ነው፣ ግን ክላየንቶች የሚመጡት አብዛኛውን ጊዜ በስራ ሰአት ነው! ፕራክቲከሙ ሲጀምር ነው ይሄ የገባን፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ የምትለማመዱበትን ቦታ ራሳችሁ ፈልጉ ብሎ ተወን፣ በዚህ ምክንያት ጎበዝ የነበሩ ልጆች አቋርጠዋል፣ ይሄ ያሳዝናል። የራሳችሁ መስሪያ ቤት ውስጥ እሰራዋለሁ ብላችሁም አታስቡ፣ ጠዋት የገመገማችሁትን ሰራተኛ ከሰአት ካውንስል ማድረግ አይቻልም፣ ሚናው ይጋጫል ሚስጥሩም አይጠበቅም። የሱፐርቪዥን፣ ትምህርት ቤቱ የሚጠይቅ ከሆነ ደግሞ እናንተ ራሳችሁ ክላየንት ሆናችሁ የምትወስዱት ቴራፒ ወጪም አለ፣ አንዳንዱ ጋ ከትምህርት ክፍያው ውጪ ነው። የሪሰርች ኮርሱ ደህና ነበር፣ ብዙ የምለው የለኝም።

ልትመዘገቡ ከሆነ ስለ ካሪኩለሙ ብዙ አትጨነቁ፣ ሁሉም ጋ ያው ተመሳሳይ ነው። የምትጠይቁት ከክላየንት ጋር ስንት ሰአት ትሰራላችሁ፣ አንድ ሱፐርቫይዘር ስንት ተማሪ ይይዛል፣ ቅጂ ይሰማል ወይስ እናንተ የምታወሩትን ብቻ ነው የሚሰማው የሚለውን ነው። ለማነጻጸሪያ ያህል የእንግሊዙ የካውንስሊንግና ሳይኮቴራፒ ማህበር እውቅና የሚሰጠው ትምህርት ተማሪው ቢያንስ 100 ሰአት በሱፐርቪዥን ስር ከክላየንት ጋር እንዲሰራ ይጠይቃል፣ እውቅና ያላቸው አባላቱም ከተመረቁ በኋላ ራሱ በወር ቢያንስ 1 ሰአት ተኩል ሱፐርቪዥን ይወስዳሉ። ሙሉ በሙሉ ኦንላይን ነው ክላየንት የለውም የሚሏችሁን፣ እውቀት ለመጨመር ከሆነ ተማሩት፣ ቴራፒስት ለመሆን ከሆነ ግን እለፉት። ዲግሪው እናንተ ባላችሁበት አገር ፈቃድ ያሰጣል ወይ የሚለውንም ከትምህርት ቤቱ ሳይሆን ፈቃድ ከሚሰጠው አካል ጠይቁ፣ ህጉ ከአገር አገር በጣም ይለያያል።

እና ከመመዝገባችሁ በፊት አለቃችሁን አናግሩ። ፕራክቲከም ሲደርስ በሳምንት ግማሽ ቀን እንደምትወጡ በጽሁፍ ይስማማ፣ የቃል ስምምነት ስራ ሲበዛ ይረሳል፣ ክላየንቱ ደግሞ ቀጠሮው ቀን መጥቶ ይጠብቃችኋል።