ከኮሎምቦ ወደ ጋል ለአንድ ቀን፦ ኮንትራት መኪና፣ ባቡር ወይስ የቡድን ጉብኝት?

ስሪላንካ ሄዶ ኮሎምቦ ላይ አንድ ቀን የተረፈው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጋል ነው የሚሄደው። ወደ ደቡብ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፖርቱጋሎች በ1588 (በፈረንጆቹ ነው) ምሽግ ሠሩበት፣ ደቾች በ1640 ነጠቋቸውና በድንጋይ ግንብ አጠሩት፣ በ1796 ደግሞ እንግሊዞች ወሰዱት። ዩኔስኮ በ1988 መዝግቦታል። ጀጎልን የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይገባዋል፤ በግንብ የታጠረ ሙዚየም አይደለም፣ ሰው የሚኖርበት ሰፈር ነው። መስጊዱም፣ የ1755ቱ የደች ቤተ ክርስቲያንም፣ ትምህርት ቤቱም እዚያው ናቸው። መግቢያ አይከፈልም።

መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ግንቡን ብቻ ለማየት ኮንትራት መያዝ ገንዘብ መጣል ነው። ኮንትራት ዋጋውን የሚያወጣው ለዙሪያው ነው።

ለግንቡ ብቻ ባቡሩ ይበቃል። ከኮሎምቦ ፎርት ጣቢያ ተነስቶ እንደ ባቡሩ ዓይነት ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፣ ዋጋው ከኮንትራት ጋር አይወዳደርም። ስትሄዱ በቀኝ በኩል ተቀመጡ፤ ሐዲዱ ባሕሩን ታክኮ ስለሚሄድ አንዳንድ ቦታ ላይ በመስኮቱና በማዕበሉ መካከል ጥቂት ድንጋይ ብቻ ነው የሚቀረው። ጋል ስትወርዱ ግንቡ በእግር አሥር ደቂቃ ገደማ ነው። ችግሩ መቀመጫ ነው። በማለዳ ካልደረሳችሁ ቆማችሁ ትሄዳላችሁ፣ ማታ ስትመለሱ ደግሞ ከሥራ የሚወጣው ሰው ይጨመርበታል። ልጅ ወይም ትልቅ ሰው ይዛችሁ ከሆነ አልመክርም።

ኮንትራት መኪና በፈጣኑ መንገድ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ግን ልብ በሉ፣ ያ መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ስለሚያልፍ ባሕር የሚባል አታዩም! ስለዚህ ሹፌሩን በፈጣኑ ሂድ፣ በድሮው የባሕር ዳር መንገድ መልሰኝ በሉት። መመለሻው ይረዝማል፣ ግን ባላፒቲያ ላይ በማዱ ወንዝ ጀልባ መያዝ፣ ሂካዱዋ ላይ መዋኘት የምትችሉት በዚህ መንገድ ነው። ጊዜ ካላችሁ ደግሞ ከጋል አለፍ ብላችሁ ኡናዋቱና እና ኮጋላ ድረስ ሂዱ። ኮጋላ ላይ ባሕሩ ውስጥ በተተከለ እንጨት ላይ ተቀምጠው የሚያጠምዱትን ሰዎች ፎቶ ታነሳላችሁ፤ ብዙዎቹ ዛሬ የሚያጠምዱት ዓሣ ሳይሆን ቱሪስት ነውና ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት ክፍያውን ተነጋገሩ።

ኮንትራት ላይ ሰው የሚሳሳተው ሹፌርና አስጎብኚን አንድ ሲያደርግ ነው። ሹፌር ይነዳል፣ በቃ። ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ሌላ ነው፣ ዋጋውም ሌላ ነው። ልዩነቱ የሚታየው ለምሳሌ የግንቡ አሮጌ በር ላይ ነው። ከውጭ የእንግሊዝ ዘውድ አርማ ታያላችሁ፣ አብዛኛው ሰው እሱን ፎቶ አንስቶ ያልፋል። ገብታችሁ ዞር ካላችሁ ግን በውስጠኛው በኩል የደች ምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ምልክት አለ፣ ግራና ቀኙ አንበሳ፣ ከላይ ዶሮ፣ 1669 ተቀርጾበታል። ይህን አሁን እኔ ነገርኳችሁ፣ በነፃ።

የኮሚሽንን ነገርማ አታንሱት። እኔን አንድ ሹፌር «አምስት ደቂቃ ብቻ» ብሎ የከበረ ድንጋይ የሚሸጥ ሱቅ አስገባኝና 40 ደቂቃዬን በላብኝ። ከዚያ ወዲህ ከመነሳታችን በፊት «ሱቅ አንገባም» ብዬ በጽሑፍ እልካለሁ። ነዳጅ፣ የፈጣኑ መንገድ ክፍያና ፓርኪንግ ዋጋው ውስጥ መኖራቸውንም በዚያው ጠይቁ።

የቡድን ጉብኝት ለብቻው ለሚሄድ ሰው በዋጋ ይሻላል፣ ማንም አይክደውም። ጉዳቱ ሰዓት ነው። የኤሊ ማራቢያ፣ ጀልባ፣ ሻይ ፋብሪካ፣ ምሳ እየተባለ ጋል ስትደርሱ ፀሐይ አናት ላይ ትሆናለች፣ ለግንቡም የሚተርፈው ሰዓት ወይም ሁለት ሰዓት ነው። ግንቡ ላይ ደግሞ ጥላ እምብዛም የለም። (የኤሊውን ማራቢያ እኔ እዘለዋለሁ፤ ገንዳ ውስጥ ያለ ኤሊ ለፎቶ እየተያዘ ሲነሳ ማየት ደስ አይልም።)

ሦስት አራት ሆናችሁ ከሄዳችሁ ኮንትራቱን ተካፍላችሁ ያዙ፣ ስሌቱ ይለወጣል። ሁለት ከሆናችሁና ቦርሳችሁ ቀላል ከሆነ በባቡር ሂዱና ለኡናዋቱና እዚያው ባጃጅ ያዙ። ባጃጁን ስትይዙ መጠበቂያውንም ጨምራችሁ ቁረጡ፣ አለበለዚያ ስትመለሱ ሌላ ዋጋ ይጠብቃችኋል።

ከግንቦት እስከ መስከረም በዚያ በኩል ዝናብ አለ፣ ባሕሩም ይናወጣል። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ከሄዳችሁ ኮንትራት ለያዘ ሰው አንድ ትርፍ አለው፤ ሰዓት የሚቆጥርበት የለም። ሹፌሩን እስከ ምሽት 12 ተኩል አቆዩት። ያኔ ሙቀቱ በርዶ የሰፈሩ ሰው ራሱ ግንቡ ላይ ይወጣል፣ ልጆች ካይት ያበራሉ፣ እናንተም ከመብራት ቤቱ ተነስታችሁ እስከ ሰዓት ማማው ድረስ በግንቡ ላይ ቀስ እያላችሁ ትሄዳላችሁ።