ማሲ ፈርጉሰን 165፦ ዘጠኝ ወር በጅሩ ዋልካ ላይ መኪና ስጎትትበት

ይህን አሮጌ ትራክተር ባለፈው ግንቦት የገዛሁት ለእርሻ ነበር። ሰኔ ገብቶ ዋልካው ውሃ ሲጠጣ ግን ሌላ ሥራ መጣበት። በሰሜን ሸዋ ከእነዋሪ ከተማ ወጣ ብሎ ማዳበሪያ የጫነ አይሱዙ እስከ ሻንሲው ሰምጦ፣ ሾፌሩ እኔ ቤት ድረስ በእግሩ መጣ። ከዚያ ወዲህ በአካባቢው ጭቃ የዋጠው መኪና ሁሉ ወደ እኔ ይላካል። አሮጌ ትራክተር ለዚህ ሥራ ለመያዝ ያሰበ ካለ ያየሁትን ልንገረው።

ሞዴሉ እ.ኤ.አ. በ1964 ገበያ ላይ የዋለ ነው፤ ባለ 4 ሲሊንደር የፐርኪንስ ናፍጣ ሞተር፣ 60 የፈረስ ጉልበት ገደማ። በመጀመሪያ ማርሽ ቀስ ብሎ ሲስብ ጉልበቱ ያኮራል። የጅሩ ጠዋት ብርድ ነው፤ ባትሪው ደህና ከሆነ ግን ወዲያው ይነሳል። ኤሌክትሮኒክስ ስለሌለው የትም ያለ መካኒክ ይፈታዋል። የኋላ አክሰሉ (ጎማዎቹን የሚይዘው ዘንግ) ዘይት ያንጠባጥባል፣ ፍሬኑንም ሁለት ጊዜ አስጠግኛለሁ፤ ዕድሜው ነው፣ አልፈርድበትም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የሰመጠው መኪና አልነቃነቅ ሲል የትራክተሩ የኋላ ጎማዎች ይቆማሉ፣ ሞተሩ ግን መግፋቱን አይተውም። ጎማው መዞር ካልቻለ ትራክተሩ ራሱ በአክሰሉ ላይ ይዞራል፤ ፊቱ ተነስቶ ወደ ኋላ፣ ሾፌሩ ላይ ይገለበጣል። ካቦው ከአክሰሉ በላይ ከታሰረ መገልበጡ ይፈጥናል። ከታች ባለው መጎተቻ ብረት ላይ ከታሰረ ግን ፊቱ መነሳት ሲጀምር የታሰረበት ቦታ አብሮ ዝቅ ስለሚል የሚገለብጠው ኃይል እየደከመ ይሄዳል።

ሐምሌ ላይ ደርሶብኛል። የእህቴ ልጅ ካቦውን ማረሻው ከላይ በሚያያዝበት ቦታ አሰረው፤ እኔም ወርጄ ሳላይ ፍሪሲዮኑን (ክላቹን) ለቀቅኩ። የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ሲነሱ መሪው በእጄ ላይ ቀለለ። እግሬ ፍሪሲዮኑ ላይ ስለነበረ ረገጥኩት፤ ትራክተሩም ተመልሶ ወረደ። ነገሩ ሁሉ ከአንድ ሰከንድ ብዙም አልዘለለም፣ አስቤ የምሠራበት ጊዜ አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማስረው ራሴ ነኝ፤ መኪናው ከጭቃው እስኪላቀቅም እግሬን ከፍሪሲዮኑ አላርቅም።

አሁን መጀመሪያ የሚቀድመው አካፋ ነው። ዋልካ ጎማውን መምጠጥ ብቻ ሳይሆን ሆዱንም ይይዘዋል፤ ከጎማዎቹ ፊት ካልተቆፈረና ጭነቱ ካልወረደ ትራክተሩ የሚታገለው ከመሬት ጋር ነው። ሾፌሮች ማውረዱን ይጠላሉ፣ እኔ ግን ሳይወርድ አልጎትትም። ከዚያ ካቦው ሻንሲው ላይ፣ በቀጥታ መስመር ይታሰራል፤ እስኪወጠር ቀስ ብዬ እሄዳለሁ፣ በመንጨቅ አላወጣም። አንድ ክሩ የተበጠሰ ካቦ ከነጭራሹ ጥያለሁ። በሚጎትተው ካቦ መሃል ላይ እርጥብ ጆንያ እጥላለሁ፤ ቢበጠስ መወርወሩን ይቀንሰዋል። ልጆች ሁልጊዜ ይሰበሰባሉ፣ ከካቦው ርዝመት በላይ እስኪርቁ ድረስ ሞተሩን አላስጓራም።

በቀኝ ተረከዝ የሚረገጠው የዲፈረንሻል መቆለፊያ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች እኩል ስለሚያዞር አንዱ ጎማ ብቻ ሲሽከረከር ያድናል፤ ከመታጠፍ በፊት ግን መለቀቅ አለበት። ማልቲ ፓወር (እየሄዱ ማርሹን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉበት ተጨማሪ መቀየሪያ) ያለው ከሆነ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ በዝቅተኛው ላይ ሲሆን ቁልቁለት ላይ ሞተሩ አይዝም፣ ትራክተሩ በራሱ ይፈስሳል። መኪና ከኋላ እየሳቡ ቁልቁለት ሲወርዱ ከፍተኛው ላይ ማድረግ ግድ ነው።

ትራክተሩ ራሱ ሲሰምጥ እንጨት ከኋላ ጎማ ጋር አስሮ ለመውጣት የሚሞክር አይቻለሁ። እባካችሁ አታድርጉት። እንጨቱ ጎማውን ከያዘው ፊቱ ይነሳና ያው መገልበጥ ይመጣል።

የእኔው ከመገልበጥ የሚያድን የብረት ቀስት የለውም፤ በዚያ ዘመን ብዙዎቹ ያለ እሱ ነው የተሸጡት። አንድ በያጅ ከውሃ ቧንቧ እሠራልሃለሁ ብሎኝ ነበር፣ እምቢ አልኩ፤ የትራክተሩን ክብደት የማይችል ቀስት ሰውን ያዘናጋል እንጂ አያድንም። ለሞዴሉ የተሠራውን ከነቀበቶው እያፈላለግሁ ነው፤ ከመጪው ሰኔ በፊት ካላገኘሁት ከባድ መኪና አልጎትትም።