ግራጫ መኪና፣ ቢጫ ፓራውልት፦ 19 ወር ከክራውን ቪክቶሪያ ጋር

ከኋላ የተመታሁት ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ነው። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ዱክ ስትሪት ላይ፣ ሰው ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት። መጀመሪያ የጎማ ሲጥታ ሰማሁ፣ ከዚያ ጓ! አንገቴ ወደ ኋላ ሄዶ ተመለሰ። ወርጄ ሳይ የመታኝ ልጅ መኪና አፍንጫዋ ተጨማዷል። አዲስ ነች፣ ያቺ አሁን ሁሉም ሰው የሚነዳት ከመሬት ከፍ ያለች ዓይነት። ከራዲያተሯ ውሃ ይፈሳል፣ ኤርባጓ ወጥቷል። ልጁ ምንም አልሆነም፣ ስልኩን ይዞ ይንቀጠቀጣል። የእኔዋስ? የፓራውልቷ ፕላስቲክ በግራ በኩል ተሰንጥቋል። በቃ። መብራቷ እንኳ አልተሰበረም።

ያቺን ጎታች መኪና መጥቶ ጫናት። እኔ ነድቼ ቤቴ ገባሁ።

ይህን የምጽፈው በዚያ ቀን ምክንያት ነው። ስለ ቀረው 19 ወር ብዙ የምለው የለኝም። ጠዋት ቁልፍ ሳዞር ትነሳለች። ዘይት እቀይርላታለሁ። ኤሲዋ ይሠራል። እንዲህ ስላለች መኪና ምን ይጻፋል?

የ2007 ፎርድ ክራውን ቪክቶሪያ ነች (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ከአንድ ጡረተኛ በ3,400 ዶላር ገዛኋት፣ 112,000 ማይል ላይ። የፖሊስ ሆና አታውቅም፣ ቤተ ክርስቲያንና ገበያ ስትመላለስ የኖረች ነች። ከእሷ በኋላ ያሉትን እንደ እኔ ያለ ተራ ሰው በአዲስነታቸው ሊገዛቸው አይችልም ነበር። ከ2008 ጀምሮ ፎርድ እዚህ አገር የሚሸጣቸው ለፖሊስ፣ ለታክሲና ለመሳሰሉት ብቻ ነበር። የመጨረሻዋ መስከረም 2011 ላይ ከፋብሪካ ወጣች። ፋብሪካው ደግሞ ሴንት ቶማስ፣ ኦንታርዮ ነው። አሜሪካዊት አሜሪካዊት የምንላት መኪና የካናዳ ልጅ ነች ማለት ነው።

ባለቤቴ ስታያት የተናገረችው አንድ ነገር ነው፦ «ታክሲ ትተህ ታክሲ ገዛህ?»

እውነቷን ነው። ዲሲ ታክሲ እነዳ ነበር፣ ሜትር በ2008 ከመግባቱ በፊት፣ ሒሳብ በዞን በሚታሰብበት ዘመን። ያኔ ከፖሊስ ጨረታ የወጣች ክራውን ቪክ ገዝቶ፣ ቀለም አስቀይሮ ሥራ መጀመር የተለመደ ነገር ነበር። አንዷን 300,000 ማይል አልፋ አውቃታለሁ። ስለዚህ ስገዛ ስሜት ውስጥ ገብቼ ነው የሚለኝ ሰው ተሳስቷል። ወይም ግማሹን ብቻ ተሳስቷል።

ከመግዛቴ በፊት አዳዲስ መኪና የሚሸጥበት ቦታ ሄጄ ነበር። ሻጩ ቡና ቀዳልኝና የ72 ወር ብድር አስልቶ ሰጠኝ። ያ ሰውዬ እስከ ዛሬ ጭንቅላቴ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይከራከረኛል። በአደጋው ማግስት ጠዋት ሳይቀር፣ ጥርሴን እየፋቅኩ፣ «አየህ?» አልኩት። «ያቺ የምትሸጥልኝ መኪና በጎታች ሄደች። የእኔዋ በእግሯ ገባች።» ዝም አለኝ።

ለምን እንዲህ ሆነ ለሚል፣ ነገሩ ከሥር ነው ያለው። ክራውን ቪክ የተሠራችው እንደ ጭነት መኪና ነው። መጀመሪያ ወፍራም የብረት ሻንሲ አለ። ሞተሩና ካምቢዮው እሱ ላይ ይቀመጣሉ። ላሜራው ደግሞ ከላይ፣ በመሐል ጎማ ገብቶበት፣ በብሎን ይታሰራል። የዛሬ የቤት መኪኖች ግን ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላቸውም፣ አካላቸው ራሱ ነው ተሸካሚው። ቀላል ይሆናሉ፣ ነዳጅ ይቆጥባሉ፣ ጥምዝ ላይ ሳያዘነብሉ ይሄዳሉ። የእኔዋ ጥምዝ ላይ እንደ ጀልባ ታዘነብላለች። በምትኩ የአሌክሳንድሪያን ጉድጓድ ምንም ሳይመስላት ታልፋለች። ታክሲና ፖሊስ የወደዷት ለዚህ ነው፦ ትመታለች፣ ትጠገናለች፣ ትመለሳለች።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ይለኝ ነበር።

ግን አንገቴ አለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ወደ ግራ መዞር አቃተኝ። መኪና ከመስመር ለማውጣት ከወገቤ ጀምሬ እዞር ነበር። መካኒኬ ጋ ይዣት ሄድኩ። ያገሬ ልጅ ነው፣ በዕድሜም ይበልጠኛል። ሊፍት ላይ ሰቅሎ በባትሪ ከሥር አየና «ሻንሲው ፍጹም ነው» አለኝ። ኮራሁ። አንገቴን እንደያዝኩ አየኝና ቀጠለ፦ «ብረቱ ካልታጠፈ ጉልበቱ የት የሄደ ይመስልሃል ወንድሜ?»

ወደ ቤት ስመለስ ስለዚህ ብቻ ነበር የማስበው። ሳስበው ደግሞ የባሰ ነገር መጣብኝ። እኔ የኮራሁት በሰው መኪና ነው። የዚያ ልጅ መኪና አፍንጫዋ የተጨማደደው ስለ ረከሰች አይደለም፣ እንድትጨማደድ ተደርጋ ስለ ተሠራች ነው። ግጭቱን የበላችው እሷ ነች፣ ለእሱም ለእኔም። እንደ እኔዋ ግትር የሆነች ብረት ብትመታኝ ኖሮ ይህንን በሁለት ሳምንት አልገላገለውም ነበር።

ብረት መብዛቱ ሳይሆን አሠራሩ ሰውን እንደሚያድን በደንብ ያሳየ ሙከራ አለ። በ2009 እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ የአውራ ጎዳና ደኅንነት የኢንሹራንስ ተቋም 50ኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ የ1959 ቼቭሮሌት ቤል ኤርንና የ2009 ቼቭሮሌት ማሊቡን በሰዓት 40 ማይል በግራ ፊታቸው አጋጫቸው። ትልቅነቷንና ክሮሟን ላየ ሰው ቤል ኤሯ አሸናፊ ትመስላለች። ቪዲዮውን እዩት። መሪዋ በሹፌር ቦታ ወደ ተቀመጠው አሻንጉሊት ደረት ይመጣል፣ ወንበሩ ያለበት ቦታ ይጨፈለቃል። ሰው ቢሆን ኖሮ በሕይወት አይተርፍም ነበር። ማሊቡ ፊቷ ቢጠፋም የሹፌሩ ቦታ እንደ ነበረ ነው፣ እግሩን ቢያመው ነው። ሦስት ጊዜ አየሁት። ሻጩ ጭንቅላቴ ውስጥ ሆኖ ሳል ሳል አለ።

የእኔዋ ቤል ኤር አይደለችም፣ አትቀላቅሉብኝ። ኤርባግ አላት። በመንግሥት የፊት ለፊት ግጭት ሙከራ 5 ኮከብ ያገኘች ነች። ከ2003 ጀምሮም ሻንሲዋ በአዲስ መልክ ተሠርቷል። ከኋላ መመታት ላይ ግን ስሟ ጥሩ አይደለም። የነዳጅ ታንኩ ከኋላ ጎማዎቹ መስመር ወዲያ፣ ወደ ፓራውልቱ በኩል ነው ያለው። መንገድ ዳር የቆሙ የፖሊስ መኪኖች በከባድ ፍጥነት ተመትተው በእሳት የተያያዙበት ጊዜ ነበር። ፎርድም በ2002 ለፖሊሶቹ ታንክ መከለያ እንዲገጠም አደረገ። ይህንን ከመግዛቴ በፊት አውቅ ነበር። ማወቅና ቀይ መብራት ላይ ቆሞ ጓ ሲል መስማት ግን አንድ አይደሉም። አሁን መብራት ላይ ስቆም ከፊቴ ይልቅ መስታወቱን ነው የማየው።

ቀጥሎ የመጣው የኢንሹራንስ ጣጣ ነው። ጋራዡ ኦርጅናል ፓራውልት ገጥሞ ለመቀባት 1,900 ዶላር ጠየቀ። ኢንሹራንሱ ደግሞ መኪናዋ ራሷ ያን ያህል ስለማታወጣ «እንቁጠራት» አለኝ። እንደ ጠፋች፣ እንደ ሞተች ማለት ነው። የምትነሳ፣ የምትሄድ፣ ሻንሲዋ ፍጹም የሆነች መኪና! በስልክ የምታነጋግረኝን ልጅ «እህቴ፣ አሁን እኮ ውስጧ ቁጭ ብዬ ነው የማወራሽ» አልኳት። ብዙ ተጨቃጭቀን ጥቂት ገንዘብ ተቀብዬ ተውኩት።

መፍትሔው የተገኘው አሮጌ መኪና ከሚበተንበት ግቢ ነው። በ60 ዶላር። የዚህች መኪና ደግነቷ እዚህ ላይ ነው። ከ1998 እስከ 2011 መልኳን ብዙም ስላልቀየሩት ዕቃዋ በየግቢው አለ። ችግሩ፣ ያልተሰነጠቀ ሆኖ የተገኘው የአንዲት ታክሲ ነበር። ቢጫ። ላስቀባው አሰብኩና የቀለሙን ዋጋ ስሰማ ተውኩት። መካኒኬ በግማሽ ሰዓት ገጠመልኝ፣ እየሳቀ።

ለመግዛት ለምታስቡ ጥቂት ነገር ልበል። ከ1996 እስከ 2001 የተሠሩትን ካያችሁ ሞተሩ ላይ ያለውን የአየር ማስገቢያ ማኒፎልድ አይታችሁ ግዙ። ክብደትም ዋጋም ለመቀነስ ሙሉውን ፕላስቲክ አድርገውት ነበር። ሙቅ ውሃ የሚያልፍበት ፊቱ እየተሰነጠቀ ክስ አስነሳ፣ በኋላ ያንን ቦታ በአሉሚኒየም ቀየሩት። ጨው መንገድ ላይ ከሚበተንበት ከሰሜኑ አገር የመጣች ከሆነች ደግሞ ከሥር ሳታዩ አትክፈሉ። ሻንሲ ዝገት ከያዘው ያ ሁሉ የተመካሁበት ነገር የለም።

ነዳጅ? አትጠይቁኝ። 4.6 ሊትር፣ ቪ8። ከተማ ውስጥ በጋሎን 16 ማይል ከሄደችልኝ ያ ቀን ጥሩ ቀን ነው። ርዝመቷ 5 ሜትር ከ38 ሳንቲም ነው፣ የአፓርታማችን ፓርኪንግ ውስጥ ጭራዋ ወጥቶ ይታያል። በረዶ ላይ የኋላ ጎማ ስለሆነ የሚነዳት፣ ዕቃ መጫኛዋ ውስጥ ሁለት ከረጢት አሸዋ እጭናለሁ። ማደያ ቆሜ ቁጥሩ ሲሮጥ ሻጩ ይመጣና «72 ወር እኮ ምንም አይደለም» ይለኛል። በዚያች ደቂቃ ብትጠይቁኝ እሸጣታለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ከአበሻ ገበያ ወጥቼ ሞተር ሳስነሳ የኋላው በር ተከፈተ። አንዲት እናት፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ ሁለት ፌስታል ጤፍና በርበሬ ይዘው ገቡ።

«የኔ ልጅ፣ ሴሚናሪ ሮድ ታደርሰኛለህ?»

«እማማ፣ ታክሲ እኮ አይደለሁም።»

«ታዲያ ቢጫውን ምን ልታደርግ ለጠፍከው?»

መልስ አልነበረኝም። ነዳሁ። ወንበሩ ሰፊ ነው አሉ፣ እግራቸውን ዘርግተው። ልጃቸው የገዛችው አዲሱ መኪና ከፍ ስለሚል መውጣቱ ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ነገሩኝ። ሻጩ ይህን ይስማልኝ። በራቸው ላይ አወረድኳቸው፣ ፌስታላቸውን ደረጃው ድረስ ያዝኩላቸው፣ ገንዘብ አልቀበልም ብዬ ተለያየን። ቤት ደርሼ ስፈትሽ የኋላ ወንበሩ ላይ የተጣጠፈ 10 ዶላር ነበር።