«ኤ ጎስት ስቶሪ»፦ ተመልካቹን ለሁለት የከፈለ የሐዘን ፊልም

ዴቪድ ላወሪ ጽፎ ያዘጋጀው «ኤ ጎስት ስቶሪ» እ.ኤ.አ. በጥር 2017 በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ለመጀመሪያ ጊዜ ከታየ ወዲህ ያዩት ሰዎች በእርሱ ላይ ተስማምተው አያውቁም። የፊልም አስተያየቶችን በሚያሰባስበው በሮተን ቶሜትስ ድረ ገጽ መለኪያ ከሐያስያኑ ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ፊልሙን ሲያወድሱ፣ ተራው ተመልካች የሰጠው ነጥብ ግን ከዚያ በጉልህ ያንሳል። አንዱ ወገን ካየኋቸው ፊልሞች ሁሉ እንዲህ ልቤን የነካው የለም ሲል፣ ሌላው ወገን 92 ደቂቃዬን በከንቱ አጠፋሁ ብሎ ያዝናል፤ መካከለኛ አስተያየት ያለው ሰው እምብዛም አይገኝም። እኔ ፊልሙን ከሚወዱት ወገን ነኝ። ሆኖም የማይወዱት ሰዎች ቅሬታ፣ ብዙ ጊዜ እንደሚባለው፣ ትዕግሥት ከማጣት ብቻ የመጣ ነው ብዬ አላምንም፤ ፊልሙ ራሱ ከተመልካቹ ጋር የገባ የሚመስለውን ውል በመካከል ስለሚለውጥ፣ ቅር የተሰኘው ሰው ቅር የሚሰኝበት በቂ ምክንያት አለው።

ታሪኩ ሲነገር አጭር ነው። በስማቸው የማይጠሩ ባልና ሚስት በቴክሳስ፣ በአንዲት አሮጌ ቤት ውስጥ ይኖራሉ። እሷ ቤቱን ለቅቀው እንዲሄዱ ትፈልጋለች፤ ሙዚቀኛው ባሏ ግን ከቤቱ መነጠል አልሆነለትም። ነገሩ እልባት ሳያገኝ ባልየው ከደጃፉ ብዙም ሳይርቅ በመኪና አደጋ ይሞታል። ሚስቱ አስከሬኑ ካለበት ክፍል ገብታ ፊቱን ካየች በኋላ አንሶላውን መልሳ ሸፍናው ትወጣለች። ካሜራው ግን አይከተላትም፤ እዚያው ክፍል ውስጥ እኛ ምን እንደምንጠብቅ እስኪጠፋን ድረስ ይቆያል፤ በመጨረሻም አንሶላው ቀና ብሎ ይቀመጣል። ሁለት የዓይን ቀዳዳ ያለው ነጭ አንሶላ የለበሰው ይህ ሟች፣ ብርሃን የሚወጣበት በር ሲከፈትለት ሳይገባበት ይቀርና ሜዳውን አቋርጦ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከዚህ በኋላ የምናየው ሁሉ የእርሱ ቆይታ ነው።

የመጀመሪያው ቅሬታ የሚነሣው ከርዕሱ ነው። ርዕሱ የሙት መንፈስ ታሪክ እንደሚነገር ስለሚያስታውቅ ብዙ ሰው የሚያስደነግጥ ፊልም ጠብቆ ገብቷል። እውነት ነው፣ መብራት ይርገበገባል፣ መጻሕፍት ከመደርደሪያቸው ይወድቃሉ፣ ሳህን ይሰባበራል፤ ነገር ግን እነዚህ የገቡት ተመልካቹን ለማስፈራራት ሳይሆን አንደበቱ የተዘጋበት ፍጡር የደረሰበትን ጭንቀት ለማሳየት ነው። ባልየውን የሚጫወተውን ኬሲ አፍሌክን ብሎ የመጣውም ሰው ያልጠበቀው ነገር ገጥሞታል። አፍሌክ በዚያው ዓመት በየካቲት፣ እርሱም ስለ ሐዘን በሆነው «ማንቸስተር ባይ ዘ ሲ» የኦስካር ምርጥ ተዋናይ ተብሎ ተሸልሞ ነበር፤ በዚያ ፊልም የሐዘኑን ክብደት ያነበብነው ከፊቱ ላይ ነው። ላወሪ ደግሞ ያንኑ ፊት ሸፍኖ፣ ሐዘኑን ከትከሻ ዘንበል ማለትና ከአንገት አዟዟር እንድንረዳ ይጠይቀናል።

የክርክሩ ሁሉ መነሻ ግን ፓይ፣ ማለትም በሊጥ የሚሠራ ጣፋጭ ምግብ፣ የሚበላበት ትዕይንት ነው። ስለ ቤቱ ጉዳይ ብቅ ያለች አንዲት ሴት ፓዩን ከማስታወሻ ጋር ትታ ትሄዳለች። ሩኒ ማራ የምትጫወታት ሴት ወደ ቤት ስትገባ ታገኘዋለች፤ መጀመሪያ ቆማ ትቀምሰዋለች፤ ከዚያ ይዛው ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ትቀመጥና መብላት ትጀምራለች። ካሜራው አይንቀሳቀስም፣ ሙዚቃም የለም። ሹካው ሳህኑን ሲፍቅ፣ አፍንጫዋን ስትስብ፣ የጎረሰችውን ሳትውጥ ሌላ ስትጨምርበት እንሰማለን፤ አንሶላ የለበሰው ባሏ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ቆሞ ያያታል። ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ ገደማ ከቆየ በኋላ በድንገት ተነሥታ ትሮጥና ታስመልሳለች።

ፊልሙን ትቶ የተነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ የተነሣው እዚህ ላይ ነው። የሰው አበላል ቁጭ ብዬ የማየው ለምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ተመልካች ያየውን በትክክል ተናግሯል፤ በማያው ላይ ከዚያ የተለየ ድርጊት የለም። የሚለወጠው የእኛ አመለካከት ነው። መጀመሪያ ትዕይንቱ እስኪያልቅ እንጠብቃለን፤ ቀጥሎ እንሰለቻለን፤ ከዚያ የሰው ገበና እያየን መሆናችን ይሰማንና እናፍራለን፤ በመጨረሻም ሴቲቱ የምትበላው ርቧት እንዳልሆነ፣ ጣዕሙም እንደማይሰማት እንረዳለን። በሠላሳ ሰከንድ ተቆርጦ ቢቀርብ ኖሮ ይህችኛዋን መረዳት ከፊልሙ ሳይሆን ከራሳችን ግምት እናመጣት ነበር። ላወሪ ትዕይንቱን ያስረዘመው ታላቅ መስሎ ለመታየት ነው የሚለውን ክስ የማልቀበለው ለዚህ ነው።

አብራኝ ያየችው አክስቴ በዚህ ትዕይንት መካከል «ምነው፣ ይህቺ ልጅ ሰው የላትም እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ስለዚህ ፊልም ከሰማኋቸው አስተያየቶች ሁሉ ወደ ፍሬ ነገሩ የቀረበው ይህ ይመስለኛል። ለእኛ ሐዘን የወደቀበት ቤት ማለት ድንኳን የተተከለበት፣ ጎረቤት ንፍሮና ወጥ የሚያመላልስበት፣ ሐዘንተኛዋ እህል እንድትቀምስ የምትለመንበት ቤት ነው፤ ምግብ አስቀምጦ መሄድ ብሎ ነገር የለም። ላወሪ ግን ቀብሩን አያሳየንም፣ ለቅሶ ደራሽም አያሳየንም። ስለዚህ የእኛን አገር ተመልካች የሚያስጨንቀው ከትዕይንቱ ርዝመት ይልቅ የሴቲቱ ብቻዋን መሆን ነው። ይህን ስል ሐዘኑ የእነርሱ ወግ ነውና እኛን አይመለከተንም ማለቴ አይደለም። ሠልስቱ ወጥቶ፣ አርባው ተቆጥሮ፣ ከሩቅ የመጣው ዘመድ ወደየቀዬው ሲመለስ፣ እኛም ቤት ሐዘንተኛዋ ከወጥ ቤቷ ጋር ብቻዋን የምትቀርበት ሰዓት ይመጣል፤ ያንን ሰዓት ግን ፊልም አድርጎ ያሳየን ሰው ጥቂት ነው።

ፊልሙ ዘገምተኛ ነው የሚለውን ፍርድ በግማሹ ብቻ እቀበለዋለሁ። ረዣዥሞቹ ትዕይንቶች፣ ባልና ሚስቱ አልጋ ላይ ተቃቅፈው የሚቆዩበት፣ የአስከሬኑ ክፍልና ፓዩ፣ ሁሉም የተደረደሩት በመጀመሪያው ክፍል ነው። ሴቲቱ ዕቃዋን ጭና ቤቱን ለቅቃ ከሄደች በኋላ ግን ጊዜ በድንገት መሮጥ ይጀምራል። መንፈሱ ፊቱን ባዞረ ቁጥር ቤቱ ሌላ ሰው ገብቶበት ይገኛል፤ ሁለት ልጆች ያሏት ስፓኒሽ ተናጋሪ እናት ትገባለች፣ ትወጣለች፤ ድግስ ይደገሳል፤ ቤቱ ይፈርሳል፤ በቦታው ፎቅ ይገነባል። አንድ ማታ በወለል ላይ ተቀምጣ ስትበላ አምስት ደቂቃ የፈጀው ፊልም፣ በኋላ ዓመታትን በአንድ ቅያሬ ይዘላቸዋል። የፊተኛውን ዝግታ ያልታገሠ ሰው የኋለኛውን ፍጥነት ስለማያየው፣ ስለ ዝግታው የሚሰጠው ፍርድ ከፊልሙ እኩሌታ የተወሰደ ፍርድ ነው።

በመግቢያዬ ስለ ውል ያነሣሁት እዚህ ላይ ነው። የሴቲቱን ሐዘን እንደምንከተል አምነን ተቀምጠን ሳለ፣ ፊልሙ ግማሽ ሊደርስ ሲቃረብ እሷ ትሄዳለች፤ እኛም ከእሷ ጋር እንሄዳለን ስንል ካሜራው ከሟቹ ጋር ቤት ውስጥ ያስቀረናል። ከመሄዷ በፊት በትንሽ ወረቀት አንድ ነገር ትጽፋለች፣ አጣጥፋ ስንጥቅ ውስጥ ትከተዋለች፣ ቀለም ትቀባበታለች፤ መንፈሱም ያንን ቀለም በጣቱ እየፋቀ ዘመኑን ይጨርሳል። ሐዘንተኛው ለካ እርሱ ነው። በሕይወት ያለችው ቀስ በቀስ ልብሷን ለብሳ ወደ ሥራዋ ትወጣለች፤ ከቤቱ መላቀቅ ያቃተው የሞተው ነው። በጎረቤት ቤት መስኮት ላይ ሌላ፣ አበባ ያለበት አንሶላ የለበሰ መንፈስ ይታያል። ሁለቱ ያለ ድምፅ ሲነጋገሩ ያኛው ሰው እንደሚጠብቅ፣ ማንን እንደሚጠብቅ ግን እንደማያስታውስ ይናገራል። ከጥቂት ቃላት የተሠራች ይህች ትዕይንት እኔን ከፓዩ ይበልጥ ጎድታኛለች። ሆኖም በቅርቡ የትዳር ጓደኛውን ያጣና የራሱን ሐዘን በሴቲቱ ውስጥ ለማየት የተቀመጠ ሰው በዚህ መዞር ቅር ቢሰኝ አልፈርድበትም፤ የሚፈልጋት ሴት ተወስዳበታለች፣ ወዴት እንደ ደረሰችም የሚነግረው የለም።

ፊልሙን ስለወደድሁት ጉድለቱን መደበቅ አልፈልግም። በድግሱ ትዕይንት ዊል ኦልድሃም የሚጫወተው እንግዳ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ የቤትሆቨንን ዘጠነኛ ሲምፎኒ ምሳሌ እያደረገ፣ የሰው ሥራ ሁሉ ከምድርና ከፀሐይ ጋር አብሮ እንደሚጠፋ ደቂቃዎችን የፈጀ ንግግር ያደርጋል። እስከዚያ ድረስ በዝምታ የነገረንን አዘጋጁ እዚህ በአንድ ሰው አፍ ደግሞ ያስነግረዋል፤ በተመልካቹ ላይ እምነት ያጣ ያህል ተሰምቶኛል። ንግግሩን የፊልሙ ቁንጮ አድርገው የሚያዩት ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን ቢወጣ ኖሮ ፊልሙ ይጠነክር ነበር እላለሁ። ስፓኒሽ ተናጋሪዋ እናትና ልጆቿም መንፈሱ ሳህናቸውን ሰባብሮ እንዲያባርራቸው ብቻ የመጡ ይመስላሉ። ታሪኩ ወደ 19ኛው ክፍለ ዘመን ሲመለስ ደግሞ የሠፋሪዎቹ ቤተሰብ በቀስት ተመትቶ ይገኛል፤ የምድሪቱ ነባር ባለቤቶች ከቀስታቸው በቀር ሰው ሆነው አይታዩም። ቦታ የሰዎችን ትዝታ እንደሚይዝ የሚናገር ፊልም፣ በዚያ ቦታ ከሁሉ ቀድመው የኖሩትን እንዲህ በችኮላ ማለፍ አልነበረበትም።

በአሠራሩ በኩል ግን የሚያስነቅፍ ብዙ አላገኘሁም። ላወሪ ለዲዝኒ የሠራውን «ፒትስ ድራጎን» ካጠናቀቀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 አብረውት ከሠሩት ከአፍሌክና ከማራ ጋር፣ ይህን ፊልም በ100,000 ዶላር ገደማ በጸጥታ ቀረጸው። የካሜራ ባለሙያው አንድሩ ድሮዝ ፓሌርሞ የተጠቀመበት የምስል ቅርጽ ስፋቱ ከቁመቱ ብዙ የማይበልጥ፣ ማዕዘኖቹ እንደ ድሮ ፎቶግራፍ የተድበለበሉ በመሆኑ፣ መንፈሱ በቤቱ ውስጥ እንደ ታሰረ ሁሉ እኛም ጠባብ ሣጥን ውስጥ እንደ ገባን ይሰማናል። የዳንኤል ሃርት ሙዚቃም ቦታውን ያውቃል። ሴቲቱ ወለል ላይ ተጋድማ ባሏ የሠራውን ዘፈን በጆሮ ማዳመጫ ስትሰማ፣ የተዘረጋው ጣቷ የአንሶላውን ጫፍ ሊነካ ጥቂት ሲቀረው፣ ሟቹ ከአጠገቧ ቆሞ መጎንበስ እንኳ አልቻለም፤ ፊልሙ ሊል የፈለገው ሁሉ በዚያ ክፍተት ውስጥ አለ።

መጨረሻውን አልናገርም፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ለማወቅ ብቻ የሚጠብቅ ሰው ግን ሳይረካ እንደሚነሣ ከወዲሁ ቢያውቅ ይሻላል። ፊልሙ በጨለማ ክፍል፣ ስልክ ተዘግቶ፣ በአንድ መቀመጫ መታየት ያለበት ነው፤ እየቆራረጡ ካዩት የጊዜው ስሌት ይበላሻል። ሐዘኑ ገና ትኩስ የሆነ ሰው ብቻውን ባያየው እመርጣለሁ። በፓዩ ትዕይንት ላይ ሊያጠፋው እጁን ለዘረጋ ሰው የምለው፣ ሴቲቱ ቤቱን ለቅቃ እስክትሄድና ከዚያ በኋላ የሚመጡትን ጥቂት ደቂቃዎች እስኪያይ ድረስ እንዲታገሥ ብቻ ነው፤ እዚያም ደርሶ ፊልሙ ካልያዘው፣ ቀሪውን ባያየው የሚቀርበት ነገር አለ ብዬ አልከራከረውም።