ኤሊያችንን ላተረፈችልን እህት ምስጋና፣ ኤሊ ላላችሁ ደግሞ ጥቆማ

ሰላም ወገኖች። ብዙ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ይህን ግን ካልጻፍኩ እናቴ እንቅልፍ አትሰጠኝም። "ውለታ በልቶ ዝም የሚል ልጅ አልወለድኩም" እያለች ሳምንት ሙሉ ነዝንዛኛለች።

የማመሰግናት እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ የምትሠራ ሐበሻ እህታችንን ነው። ሐኪም አይደለችም፣ የሐኪሙ ረዳት ናት፣ እዚህ አገር "ቬት ቴክ" የሚሏቸው። ክሊኒኩ ውሻና ድመት ብቻ ሳይሆን ኤሊ፣ እንሽላሊት፣ በቀቀን ሁሉ ያክማል። ስሟን አልጽፍም። "ጋሼ፣ በእግዚአብሔር ስሜን እንዳይለጥፉት" ብላኛለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምንኖረው። ባለፈው ጥቅምት ቤዝመንታችንን ተከራይቶ የነበረው ልጅ ሌላ ስቴት ሥራ አገኘና ሄደ። ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ፣ ኤሊውን የልብስ ማጠቢያው ማሽን አጠገብ ትቶልን። ስደውልለት "ከፈለጋችሁ ያዟት፣ ካልፈለጋችሁ ወንዝ ልቀቋት" አለኝ። ከ9 ዓመት በፊት ባሕር ዳርቻ ሲዝናና ከአንድ ነጋዴ የገዛት ነች። ያኔ ሳንቲም ታክል ነበር አለኝ። በኋላ እንዳወቅኩት ቅርፊቷ ከ4 ኢንች ያነሰ ኤሊ ለቤት እንስሳነት መሸጥ እዚህ አገር ከ1975 ጀምሮ በፌዴራል ደንብ ክልክል ነው። ምክንያቱ ሳልሞኔላ የሚባል ሆድ የሚያውክ ባክቴሪያ ነው፣ ሕፃናት አፋቸው ውስጥ እየከተቷቸው ይታመሙ ነበር። ነጋዴው ግን ማን ጠየቀው!

የነበረችበትን ሁኔታ ልንገራችሁ። ለክረምት ልብስ ማስቀመጫ የሚሸጠው የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ነች። ሦስት ጣት የማይሞላ ውሃ አለ፣ መልኩ የጎመን ቅቅል ውሃ ይመስላል፣ ሽታውን ተዉት። የምትወጣበት ደረቅ ቦታ የለም፣ መብራት የለም። ሁለቱም ዓይኖቿ አብጠው ተደፍነዋል። ባነሳት የቅርፊቷ ጠርዝ በአውራ ጣቴ ሲነካ ተለመጠ፣ እንደ እርጎ ዕቃ ክዳን። ድንጋይ ነው ብዬ የማስበው ነገር ሲለመጥ እጄን ሰቀጠጠኝ። ንጹሕ ውሃ ውስጥ ስናስገባት ደግሞ ቀጥ ብላ መንሳፈፍ አቃታት፣ ወደ ግራ ታዘነብላለች፣ ከአፍንጫዋ አረፋ ይወጣል።

ልጄ ወዲያው ስም አወጣችላት። ዘገየ። ቀልዱ ገብቷችኋል።

በማግስቱ ሰፈራችን ወዳለ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት። ስሙን አልጠራም። ኤሊ እናያለን ብለው ነው በስልክ የቀጠሩኝ። ሰውየው አምስት ደቂቃ እንኳን አላያትም። የዓይን ጠብታ ሰጠኝ፣ "ብዙ አብሏት" አለኝ፣ 95 ዶላር ከፈልኩ። እንዴት ትብላ? ዓይኗ ተደፍኖ! የውሃ ኤሊ ደግሞ ምራቅ የላትም፣ ውሃ ውስጥ ካልሆነ መዋጥ አትችልም፣ ይህንንም ያወቅኩት በኋላ ነው። የዕቃ ሱቁም አልማረኝም። ቀይ አምፖል፣ የሚሞቅ ድንጋይ፣ ጣት የምታክል ፊልተር፣ የደረቀ ሽሪምፕ ሸጦልኝ ወደ ቤት መለሰኝ። አምስት ቀን ሙሉ አንዲት ነገር አልቀመሰችም።

እናቴ ከደብረ ማርቆስ መጥታ እኛ ጋ ነበረች። መጀመሪያ ላይ "ይቺን ድንጋይ ልብስ ነው በዶላር የምታሳክመው?" እያለች ስትስቅብኝ ነበር። አምስተኛው ቀን ላይ ግን መሳቋን አቆመች። ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ስትመለስ የአንዲት እናት ልጅ እንስሳት ክሊኒክ እንደምትሠራ ሰምታ፣ ስልኳን ወረቀት ላይ አስጽፋ መጣች። አያችሁ፣ ጉግል ያላገኘውን የሰንበት ጠበል ጻዲቅ ያገኛል።

ማታ 2 ሰዓት ላይ ደወልኩ። ከሥራ ወጥታ እየነዳች ነበር። የመጀመሪያ ጥያቄዋ ስለ ዓይኗ አልነበረም፣ ስለ ምግቧም አልነበረም።

"ጋሼ፣ ምን መብራት ነው ያላት?"

"ቀይ አምፖል ገዝቼላታለሁ።"

"ከዚያ በፊትስ?"

"ምንም።"

ዝም አለች። ከዚያ "ነገ ጠዋት ይዘዋት ይምጡ፣ ዶክተሩን እለምነዋለሁ። ቀዩን አምፖልና ድንጋዩን ይመልሱ፣ ደረሰኙን አልጣሉትም አይደል?" አለችኝ። አልጣልኩትም ነበር። 60 ዶላሬን በዚች አንዲት ዓረፍተ ነገር አስመለሰችልኝ። እኔ እንግዲህ ሰው የምለው እንደዚህ ያለውን ነው፣ ገና ምንም ሳትከፍለው ኪስህን የሚያዝንልህ።

ዶክተሩ ፈረንጅ ነው፣ ጥሩ ሰው፣ ዝምተኛ። እሱንም አመሰግናለሁ። ራጅ አነሳት። ሳንባዋ በአንድ በኩል ኢንፌክሽን ይዞታል፣ ለዚያ ነው የምታዘነብለው። ዓይኗ ያበጠው ቫይታሚን ኤ አጥታ ነው። ቅርፊቷ የለሰለሰው ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ አጥታ ነው። ሆዷ በኩል ደግሞ የበሰበሰ ቦታ አለ። በሦስት ቀን አንዴ የሚወጋ አንቲባዮቲክ አዘዘ፣ ሰባት መርፌ። "ክሊኒክ ትተኛ ወይስ ቤት ትወጋላችሁ?" አለ። ዋጋው ሰማይና ምድር ነው። እህታችን እኔን አየችኝና በአማርኛ "ይችላሉ፣ እኔ አሳይዎታለሁ" አለች።

አሳየችኝም። መርፌው ሁልጊዜ ፊት እግር ላይ ነው የሚወጋው፣ ኋላ እግር ላይ አይደለም። ከኋላ የተወጋ መድኃኒት በኩላሊቷ በኩል አልፎ ሊሄድ ይችላል። አንዴ ቀኝ፣ አንዴ ግራ። መድኃኒቱ በየሲሪንጁ ተመጥኖ ፍሪዘር ነው የሚቀመጥ፣ ከመውጋትህ በፊት በመዳፍህ ይዘህ ታቀልጠዋለህ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ፍሪዘራችን ውስጥ ከበርበሬውና ከእንጀራው ጎን ማስቲካ በምታህል ከረጢት ተጠቅልሎ የኤሊ መርፌ ነበር። የመጀመሪያውን ቀን እጄ ስለተንቀጠቀጠ በቪዲዮ ደወልኩላት። እራቷን እየበላች ነበር፣ ትታ አየችኝ። "አይፍሩ፣ ቆዳዋ ወፍራም ነው፣ በደንብ ይግፉት።" እናቴ ኤሊዋን በፎጣ ይዛ "በስመ አብ" ትላለች፣ ልጄ ዓይኗን ሸፍናለች። ገባ።

እዚያው ቪዲዮ ላይ ነው ጉዱ የወጣው። "ፊት ጥፍሯን ያሳዩኝ" አለች። አሳየኋት። "ወንድ ቢሆን የፊት ጥፍሩ ረጅም ነው፣ ጅራቱም ይወፍራል። ይቺማ ሴት ናት። ዘገየ ሳይሆን ዘገየች በሏት።" እናቴ እስካሁን ትስቃለች።

አሁን ወደ መብራቱ ልመለስ፣ ዋናው እሱ ነውና። ቁጭ አድርጋ ያስረዳችኝ እንዲህ ነው። ኤሊ የምትበላውን ካልሲየም አጥንትና ቅርፊት የምታደርገው የፀሐይ ዩቪቢ ጨረር ሲያገኛት ነው። ያ ከሌለ አጥንት ብታበላትም ዋጋ የለውም። ተከራዩ ልጅ ደግሞ "መስኮት አጠገብ አስቀምጣት ነበር" ብሎኝ ነበር። የመስኮት መስታወት ዩቪቢን አያሳልፍም! ብርሃኑ ይገባል፣ የሚጠቅማት ግን ውጭ ይቀራል። እናቴ ይህን ስትሰማ "ታዲያ ልክ እንደ አራስ ልጅ ፀሐይ ማሞቅ ነዋ" አለች። እህታችን "እማማ፣ እኔ ከዛሬ ጀምሮ ለሰው የማስረዳው በእርስዎ አባባል ነው" አለቻት። የልጅ አጥንት ሲለሰልስና የኤሊ ቅርፊት ሲለመጥ ምክንያቱ አንድ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ሁለት መብራት ገዛን፣ አንዱ ዩቪቢ፣ አንዱ ለሙቀት ተራ አምፖል። የምትሞቅበት ቦታ ከ90 እስከ 95 ፋራናይት፣ ውሃዋ 80 ገደማ። በቀን 12 ሰዓት ይበራል፣ ማታ ይጠፋል። ልብ በሉ፣ የዩቪቢው አምፖል ብርሃን እየሰጠ ጨረሩ ሊያልቅ ይችላል፣ ስለዚህ ባይቃጠልም በስድስት ወር፣ ቢበዛ በዓመት ይቀየራል። እኔ የገዛሁበትን ቀን በማርከር ጻፍኩበት።

ገንዳውንም እሷ ናት የመከረችን። መለኪያው ለአንድ ኢንች ቅርፊት 10 ጋሎን ውሃ ነው። ዘገየች 7 ኢንች ናት፣ ስለዚህ ቢያንስ 70 ጋሎን ትፈልጋለች። ያን የሚያክል የመስታወት አኳሪየም ዋጋውን ሳይ ደነገጥኩ። "ለመስታወት ገንዘብዎን አያባክኑ፣ ለከብት ውሃ ማጠጫ የሚሸጠውን የፕላስቲክ ገንዳ ይግዙ" አለችኝ። ገዛሁ፣ 100 ጋሎን። "ከብት ሳይኖራችሁ የከብት ገንዳ" አለች እናቴ። ፊልተሩ ደግሞ ከውሃው መጠን እጥፍ የሚችል መሆን አለበት፣ ኤሊ ታቆሽሻለች ወገን፣ እንደ ዓሣ አይደለችም።

የበሰበሰውን ቦታ በየቀኑ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ እጠርግ ነበር፣ ከዚያ አዮዲን የቀጠነ ሻይ እስኪመስል ድረስ በውሃ በጥብጬ እቀባታለሁ፣ እንዲደርቅ ጥቂት ሰዓት ከውሃ ውጭ ትቆያለች። አንድ ቀን እናቴ የዘገየችን ዕቃ የወጥ ቤት ሲንክ ውስጥ ስታጥብ እህታችን በቪዲዮ አየቻትና ጮኸች ማለት ይቻላል። "እማማ! እዚያ ጎመን አይደል የሚታጠበው?" ሳልሞኔላው ትልቋም ላይ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉም ነገር ታች ቤዝመንት ነው፣ እጅ በሳሙና። ከ5 ዓመት በታች ልጅ ያለበት ቤት ደግሞ ኤሊ ባይኖር ይመረጣል ብላለች፣ እዚህ ላይ ለማንም አታደላም።

ዓይኗ የተከፈተው በ11ኛው ቀን ነው። መጀመሪያ ግራው፣ እንደ ስንጥቅ። ምን እንዳየች አላውቅም፣ እናቴን ይመስለኛል። በ14ኛው ቀን የመጀመሪያ ጉርሻዋን በላች። ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ጎመን። የሐበሻ ጎመን፣ እናቴ ለእኛ ስትከትፍ አንድ ቅጠል ውሃው ላይ ጣል ያደረገችላት። ለካስ ጎመን ካልሲየም ስላለው ለኤሊ ከሚመከሩት አንዱ ነው። ተራው ነጭ ሰላጣ ውሃ ብቻ ነው፣ ስፒናች ደግሞ ካልሲየሙን ይይዝባታል። ካሮትና ዱባም ለዓይኗ ይጨመርላታል። በነቢያት ጾም ቤታችን ውስጥ ሽሪምፕ የምትበላ እሷ ብቻ ነበረች።

እና አንድ ቀን፣ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ፣ ከሥራ ስገባ ልጄ በሹክሹክታ "አባዬ፣ ቀስ በል" አለችኝ። ወርደን አየን። ዘገየች ለመሞቂያ ያስቀመጥንላት ጡብ ላይ ወጥታ መብራቱ ሥር ተዘርግታለች። አንገቷ እስከ መጨረሻው ወጥቷል፣ ሁለቱ ኋላ እግሮቿ ወደ ኋላ ተዘርግተው ጣቶቿ ተከፋፍተዋል፣ ዓይኗ ግማሽ ተከድኖ። ኤሊ ዘና ስትል እንዲህ እንደምትሆን አላውቅም ነበር። ፎቶ አንስቼ ለእህታችን ላክሁላት። "አሁን ዳነች" ብላ ጻፈችልኝ።

መጀመሪያ በኩሽና ሚዛን 710 ግራም ነበረች። ባለፈው ሳምንት 880። ቅርፊቷ ጠንክሯል፣ የበሰበሰው ቦታ ጠባሳው ቀርቷል፣ አይጠፋም ብለውናል። ቀጥ ብላ ትዋኛለች። እንደዚህ ያለችው፣ ጆሮዋ አካባቢ ቀይ መስመር ያላት ዓይነት፣ በደንብ ከተያዘች 30 ዓመት ትኖራለች። ጡረታ ስወጣ አብራኝ ናት ማለት ነው፣ ዕዳ ገባሁ።

አንድ ወዳጄ "ለምን ፖቶማክ አትለቃትም" ብሎኝ ነበር። አይደረግም። የእሷ አገር የሚሲሲፒ ተፋሰስ ነው፣ እዚህ ስትለቀቅ የእዚህን ኤሊዎች ምግብና ፀሐይ መሞቂያ ትሻማለች፣ በሽታም ታስተላልፋለች። ማቆየት ያልቻለ ሰው ለእህታችን ይደውል፣ ተቀባይ ስታፈላልግ አይቻለሁ።

እንከን የለውም አልልም። ፓርኪንጉ ፈተና ነው፣ የመጀመሪያ ቀን 50 ደቂቃ ጠበቅሁ። ምርመራው ከውሻ ይወደዳል። ራጁ፣ መድኃኒቱ፣ ሁሉም ተደምሮ ወደ 400 ዶላር ወጥቷል። ግን ለምን እንደምከፍል እያንዳንዷን ነገር አስረድተውኝ ነው፣ "ይህ ቢቀርም ግድ የለም" ያሉኝም አለ።

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያክብርሽ። እራትሽ ለቀዘቀዘብሽ ይቅርታ። እናቴ ስትመለስ ከደብረ ማርቆስ ማር እልክላታለሁ ብላለች፣ እምቢ እንዳትዪ።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ዝግ ናቸው። ስትሄዱ ደግሞ ኤሊዋን ያለ ውሃ፣ እርጥብ ፎጣ ባለበት ሳጥን ይዛችሁ ሂዱ፣ የመብራቷንም ፎቶ አንሱ፣ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።