ጡረተኛው መካኒክ ያሉበት ጋራዥ (ቄራ አካባቢ)

ቪትዝ ያላችሁ አንብቡት። የኔዋ ጉብታ ባለፈች ቁጥር የፊት እግሯ ኳ ኳ ትላለች፣ አንዱ ጋራዥ ሁለቱንም ሾክ አብዞርበር ቀይር አለኝ፣ ዋጋውን ስሰማ ልሸጣት ሁሉ አስቤ ነበር። እዚህ ያሉት ጋሼ ግን በክሪክ አስነስተው ረጅም ብረት አስገብተው ነቅነቅ አደረጉና "ና እይ" ብለው የተሰነጠቀች ጎሚኒ አሳዩኝ። እሷን ብቻ ከሶማሌ ተራ ገዝቼ መጣሁ፣ ድምፁ ጠፋ።

ጋሼ የአውቶቡስ መካኒክ ነበሩ፣ በ60 ጡረታ ወጥተው ነው የተመለሱት። ለምን ስላቸው ብር ነዋ አሉኝ፣ እውነታቸውን ነው። የጡረታ አበሉ 10 ዓመት ላገለገለ የደሞዙ 30 ፐርሰንት ነው፣ ከዛ በላይ በየዓመቱ 1.25 ፐርሰንት እየተጨመረ ጣሪያው 70 ነው፣ 70 ለመድረስ 42 ዓመት ያስፈልጋል፣ በ18 ዓመትህ ተቀጥረህ ሳታቋርጥ እስከ 60 መሥራት አለብህ ማለት እኮ ነው! የሚሰላውም ከመጨረሻው 3 ዓመት አማካይ ደሞዝ ነው፣ እንግዲህ 2016 ሐምሌ ላይ ብር ከመውረዱ በፊት የወጣ ሰው ደሞዙ ስንት እንደነበር አስቡት።

ቆየት ብለው ደግሞ እየሳቁ "ባለቤቴ ናት ያባረረችኝ፣ ድስቱን እየከፈትኩ ጨው በዛ ስላት" አሉኝ። ለኔ ግን ሦስተኛ ምክንያትም ያለ ይመስለኛል፣ ከስራቸው ያሉትን ልጆች ሲያሠሩ ብታዩዋቸው። አንዱ ካቻቢቴ ይዞ ሲንደረደር "ቆይ! መጀመሪያ አዳምጥ፣ ከዛ ትፈታለህ" ብለው ሞተሩን አስነሱት፣ ልጁ ጆሮውን ደቅኖ ቆመ፣ እሳቸው ፊታቸው በራ። ቤት ቁጭ ቢሉ ይሄን ማን ይጠይቃቸዋል? እኛንም የጠቀመን እሱ ይመስለኛል፣ በሽታውን ማግኘቱ ነው የሚያስደስታቸው እንጂ ዕቃ ማስቀየሩ አይደለም።

ጉድለት አለው። ጋሼ ከምሳ በኋላ የሉም፣ ከሰዓት ከሄዳችሁ ልጆቹን ብቻ ነው የምታገኙት። ቀስ ብለው ነው የሚሠሩት፣ ቡና ከመጣ ደግሞ ሥራው ይቆማል፣ የቸኮለ ሰው ይናደዳል። ቼክ ኢንጅን በርቶባችሁ ከሆነ አትልፉ፣ ኮምፒውተር ያለበት ሂዱ ብለው ራሳቸው ይመልሷችኋል። የእጅ ዋጋ ሳይጀመር ይነገራችኋል፣ ቴሌብር ይቀበላሉ፣ ደረሰኝ ግን ሁለቴ ጠይቄ ነው ያገኘሁት።